«ጫልቱ የለችም?»

ይህ የሆነው የከተማው ባቡር ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ ልደታ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ አሁንም እንጀራዬ እዚያው ነውና። ረስቼዋለሁ ብል ደስ ባለኝ። ግን አንድ ታካሚ በሬን ገርበብ አድርጎ አንገቱን እያስገባ «ጫልቱ የለችም?» ባለኝ ቁጥር ያ ቀን ተመልሶ ይመጣብኛል።

ነርስ ነኝ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመት አገልግዬ ነበር። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ስለሚለኝ ስሜን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ጫልቱ ከመምጣቷ በፊት በመሥሪያ ቤቱ የሚጠየቀው ሰው እኔ ነበርኩ። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ነበረኝ። በየስልጠናው የሰማሁትን፣ የመድኃኒት መጠኑን፣ የሕፃናቱን ኪሎ፣ ምኑን ምኑን በገዛ እጄ ጽፌበታለሁ። መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ነው የማስቀምጠው። አንድ ነገር ለጠፋበት ባለሙያ «ሲስተርን ጠይቅ» ይባላል። እኔም ቀስ ብዬ ቁልፌን አወጣለሁ፣ ቀስ ብዬ መሳቢያዬን እከፍታለሁ፣ ቀስ ብዬ ገጹን አገላብጣለሁ። ሰው እየጠበቀ ማገላበጥ እንዴት ደስ እንደሚል የሚያውቀው የቀመሰው ብቻ ነው።

ጫልቱ ጤና መኮንን ሆና ከአምቦ በኩል ተመድባ መጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ማንንም ቀና ብላ የማትናገር ልጅ ናት። መጀመሪያ «ምስኪን» ብዬ ወደድኳት። መውደዴ አንድ ወር አልሞላም።

የሚገርማችሁ ጠባይ ነበራት። ታካሚ ፊቷ ቁጭ ብሎ አንድ ያላወቀችው ነገር ሲገጥማት ሳታፍር «አንድ ጊዜ አንብቤ ልምጣ» ትላለች። በታካሚ ፊት! እኛ በተማርንበት ዘመን ባለሙያ አላውቅም አይልም። ካላወቀ ኮስተር ብሎ ደም ግፊት ይለካል፤ እየለካ ያስባል። እሷ ግን ብድግ ብላ ወደ መዝገብ ቤት ትሄዳለች። መዝገብ ቤቱ የደብዳቤና የፋይል ክፍላችን ነው፤ ኢንተርኔት ያለው ብቸኛው ኮምፒዩተርም እዚያ ነው። ሠራተኛዋ ወሊድ ላይ ስለነበረች ክፍሉ ባዶውን ክፍት ይውል ነበር። ጫልቱ አሥር ደቂቃ ቆይታ ትመለስና ነገሩን አንድ በአንድ ለታካሚው ታስረዳዋለች።

ሰው ይንቃታል ብዬ ጠበቅኩ። ጭራሽ ወደዷት። «አንብባ ነው የምታክመው» እያሉ ሰፈር ለሰፈር አወሩላት። በእኔ በር ላይ የነበረው ሰልፍ ቀስ እያለ ወደ እሷ በር ዞረ። በሬን ከፍተው «ጫልቱ የለችም?» ይሉኛል። እኔ የመረጃ ሠራተኛ ነኝ እንዴ?

በተለይ የካንሰሩ ነገር አበሳጨኝ። ካንሰር ሲባል እኛ ጋ ሥራው አንድ ነበር፤ ወደ ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት መጻፍ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሆስፒታሉ ያውቃል፤ ታካሚዎቹ ሕክምና ጀምረው ወደ ሰፈር ሲመለሱ ግን የሚያማቸው እዚህ ነው፣ የሚመጡትም ወደ እኛ ነው። ጫልቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች። የአፍ ቁስሉን፣ ማስታወኩን፣ ሕመም ማስታገሻው እንዴት እንደሚሰጥ። ከየት ነው የምታመጣው? ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ መጠየቁን ግን ሞቴ አደረግኩት። በምትኩ «ስፔሻሊስት እጮኛ ሳይኖራት አይቀርም፣ እሱ ነው በኢንተርኔት የሚጽፍላት» ብዬ ለሁለት ሰው አወራሁ። ለሁለት ሰው ማውራት ለሁሉም ማውራት ነው።

አሁን ዘይነባን ላስተዋውቃችሁ። ዘይነባ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ናት። በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። አሥራ አምስት ዓመት ግድግዳችን አንድ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላለሁ። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ቀን መጀመሪያ ያሳየችው ለእኔ ነው። እጇን ይዤ ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ነኝ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስትወጣ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ ኬሞ የሚሉትን ጠንካራ መድኃኒት መውሰድ ጀመረች። እንግዲህ ዘይነባ የማን ታካሚ ናት? የእኔ!

ሁለተኛውን ኬሞ እንደወሰደች አፏ ቆሰለ። ሐምራዊውን የቁስል ቀለም ቀባሁላት፤ እንደ ድሮው። አልተሻላትም። እኔ ክትባት ላይ በነበርኩበት ቀን ጫልቱ ጋ ገባች። ጫልቱ አንብባ መጥታ በጨውና በሶዳ ውሃ እንዴት እንደምትጉመጠመጥ አሳየቻት። በአራተኛው ቀን ዘይነባ እንጀራ በላች።

ከዚያ ወዲያ በሬን አልፋ ሄደች። በዓይኔ በብረቱ አየኋት። «ሲስተርዬ፣ ደህና ዋልሽ?» ብላ እጇን አወዛውዛ ጫልቱ በር ላይ ተቀመጠች። ባሌ ጥሎኝ ቢሄድ እንደዚያ አልቃጠልም። ማታ በግድግዳው በኩል ለልጆቿ «ያቺ ልጅ ግን ወላሂ ጭንቅላት ናት» ስትል ሰማሁ፤ ራት አልበላሁም።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ነገር ነው የማያኮራኝ።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። «ታካሚ በር ላይ ተኮልኩሎ ባለሙያ ኢንተርኔት ላይ ተጥዶ የሚውልበት መሥሪያ ቤት የት አለ? ደግሞስ መዝገብ ቤት የመንግሥት ሰነድ ያለበት ክፍል አይደለም ወይ?» አልኩ። የማንንም ስም አልጠራሁም። ሁሉም ግን ወደ ጫልቱ ዞረ። እሷ መሬት መሬት እያየች «አብዛኛውን በምሳ ሰዓት ነው የምገባው» አለች። ድምጿ ከሁለተኛው ወንበር አላለፈም። ኃላፊያችን ጭቅጭቅ የማይወድ ሰው ነው። «እንግዲያው ይቆለፍ፤ ቁልፉ ሲስተር ጋ ይሁን» ብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ቁልፉን ጋዎኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ ጫልቱ መጣች።

«ሲስተር፣ ቁልፉን ለአሥር ደቂቃ ቢሰጡኝ?»

«ሪፖርት ልሠራበት ነው።»

ምንም ሪፖርት አልነበረኝም። በሦስተኛው ቀንም «ነገ» አልኳት። በዚያው ሰሞን ሜክሲኮ ታክሲ ስትጋፋ ጥሩውን ስልኳን ተሰረቀች፤ በእሱ እንኳ እንዳታነብ ባለ ባትሪዋ ትንሿ ስልክ ብቻ ቀረቻት። ስሰማ «አይዞሽ» አልኳት። በሆዴ ግን ደስ አለኝ። ይቅር ይበለኝ፤ ደስ አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን፣ ጫልቱ ለእህቷ ሰርግ ፈቃድ ወስዳ አምቦ ሄዳለች። ረፋዱ ላይ ዘይነባ ጋቢ ተከናንባ መጣች። በሩን ገርበብ አደረገችና፦

«ጫልቱ የለችም?»

«እንዴት አደርሽ አይባልም እንዴ?»

«እንዴት አደርሽ ሲስተርዬ። ጫልቱ የለችም?»

«ሰርግ ሄዳለች። ምነው፣ እኔ አንሼ ነው?»

ገብታ ተቀመጠች። ብርድ ብርድ ይላታል። ጉሮሮዋ ትንሽ ቀልቷል። ለካኋት፤ ሠላሳ ስምንት ከስድስት። ሌላ የሚያስደነግጥ ነገር አላየሁባትም፤ ታወራለች፣ ትቀልዳለች። ያ ሰሞን ደግሞ ከተማው ሁሉ ጉንፋን ይዞታል።

«ጫልቱ ግን» አለች፣ «ኬሞ ወስደሽ ትኩሳት ከመጣብሽ ቤት አትቀመጪ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ብላኛለች። ወረቀትም ጽፋ ሰጥታኛለች። ቤት ረስቼው ወጣሁ እንጂ።»

ጫልቱ ግን! የተቀመጥኩበት ወንበር እሳት ሆነብኝ።

«ዘይነባ፣ እኔ ሃያ አንድ ዓመት ትኩሳት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይሄ ብርድ ነው። ወረቀት አያክምም።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አለች። የሚዋጥ ፀረ-ተሕዋሲና የትኩሳት ማስታገሻ ጽፌላት ሄደች። «አንቺ ካልሽ» የምትለዋን ቃል ለስንት ጊዜ ናፍቄያት ነበር! ዘይነባ ወደ እኔ ተመለሰች ብዬ ልቤ ሞላ።

መዝገቡ ላይ ስጽፋት ነው እጄ የቆመው። የመጨረሻውን ኬሞ ከወሰደች አሥራ አንድ ቀን። ለመሆኑ ደብተሬ ስለዚህ ምን ይላል? መሳቢያዬን ከፈትኩ። አገላበጥኩ። ስለ ወባ አለ፣ ስለ ተቅማጥ አለ፣ ስለ እባብ ንክሻ ሳይቀር አለ። ስለ ኬሞ አንድ ቃል የለም። ሃያ አንድ ዓመት የጻፍኩት ደብተር አንድ ቃል የለውም።

እውነቱን ልናገር። ወደ መዝገብ ቤት የሄድኩት ለዘይነባ ብዬ አይደለም። ጫልቱ ዋሽታ ወይም አጋንና እንደሆን ላጋልጣት ነው። ስትመለስ በስብሰባ ላይ «ሰው በከንቱ የምታስደነግጪው ለምንድን ነው?» ልላት ነው። ቅናት እግር አለው፤ ያን ቀን ያስኬደኝ እሱ ነው።

ከቆለፍኩት ወዲህ ማንም አልገባበትም፤ አቧራ ጠጥቷል። ኮምፒዩተሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በጫልቱ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። «ለሁላችንም» ይላል ርእሱ። እንዴት እንደሚከፈት፣ የት እንደሚጻፍ፣ የት እንደሚጫን ቁልጭ ባለ አማርኛ ደረጃ በደረጃ አስቀምጣዋለች። ከሥሩ አንድ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተያይዟል። ደብዳቤው በመንግሥት ጤና ተቋማት የምንሠራ ባለሙያዎች በሙሉ የካንሰር ሕክምና መመሪያዎችንና መጻሕፍትን በኢንተርኔት በነፃ እንድናነብ እንደተፈቀደልን፣ ስማችንን አስመዝግበን መግባት ብቻ እንደሚበቃ ይናገራል። ስፔሻሊስት እጮኛ የለም። ምስጢርም የለም። ለሁሉም የተከፈተ በር ነበር።

የደብዳቤው የላይኛው ጠርዝ ታጥፎ በስቴፕለር ተመትቷል። ለምን እንደሆነ ገርሞኝ በጥፍሬ ፈታሁት።

«ለፋይል» ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ፊርማው የእኔ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ኃላፊው ስልጠና ሄዶ ሦስት ወር ተወክዬ ሠርቼ ነበር። ደብዳቤ በየቀኑ ይቆለልብኛል፤ አንዳንዱን ርእሱን እንኳ ሳላይ «ለፋይል» ብዬ ፈርሜ እመራዋለሁ። በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ «ለፋይል» ማለት «ደህና ተኛ» ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን በር ዘግቼ የኖርኩት እኔ ነኝ። ጫልቱ ከቦክስ ፋይል ውስጥ ቆፍራ አወጣችው። የማን ፊርማ እንደሆነ አይታለች። ደግሞ ማንም እንዳያይብኝ ጠርዙን አጠፈችው። እኔ ስለ እጮኛዋ ሳወራ እሷ ፊርማዬን ስትሸፍን ነበር!

እንደጻፈችው አደረግኩ። በሁለት ጣት ነው የምጽፈው። ተከፈተልኝ። እንግሊዝኛው ቢከብደኝም የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ለመረዳት አልቸገረኝም። ኬሞ የሚወስድ ሰው ትኩሳት ካለው ድንገተኛ ነው። ሰውነቱ በሽታ የሚከላከልበት አቅም ስለሚደክም ምልክቱ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ሳይዘገይ ሆስፒታል ገብቶ ፀረ-ተሕዋሲ በደም ሥር ይሰጠው። ቀላል ሊመስል ይችላል! ታወራለች፣ ትቀልዳለች ብዬ ያሰናበትኳት ዘይነባ ታየችኝ።

ጋዎኔን እንኳ አላወለቅኩም። ካርድ ለሚያወጣው ልጅ «ሰው ሊሞትብኝ ነው» ብዬ ጮኼ ወጣሁ። ታክሲ ጠብቄ አጣሁ፤ ሰልፉ ረጅም ነው። በእግሬ ሮጥኩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት ነጭ ጋዎን ለብሼ ስሮጥ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። አንዱ «ሲስተር፣ መርፌ የወጋሽው ሰው አመለጠሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ዞርም አላልኩ።

ዘይነባ ፍራሿ ላይ ጥቅልል ብላ አገኘኋት። ከንፈሯ ደርቋል። ስጠራት ዓይኗን የከፈተችው በሦስተኛው ነው። የሰውነቷ ሙቀት ከሩቅ ይሰማል። ጎረቤት ጠርቼ፣ ኮንትራት ላዳ አስቁሜ፣ ደግፈን አስገባናት።

መኪናው ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ «ብርድ ነው አላልሽም?» አለች። ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከልኩላት። ቀጥላ ደግሞ «ጫልቱ ደውላልሽ ነው?» አለችኝ።

ምን ልበል? አይደለም ብል ታዲያ እንዴት አወቅሽ ትለኛለች። እንዴት እንዳወቅኩ ለመናገር ስለ ቁልፉ መናገር አለብኝ። ስለ ቁልፉ ከተናገርኩ ስለ ፊርማው ይመጣል።

«አዎ» አልኩ። «ጫልቱ ደውላልኝ ነው።»

«አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው» አለች ዓይኗን ጨፍና።

ሆስፒታል እንደደረስን ደሟን ወሰዱ፣ ወዲያው መድኃኒት በደም ሥር ጀመሩላት። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው። «ነገ ብትመጡ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለኝ። ከዚያ ጋዎኔን አይቶ «ጎበዝ፣ በጊዜ አወቃችሁ» አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት ዘይነባ ከአልጋው ላይ ሆና «ጫልቱ ናት፣ ጫልቱ የምትባል ልጅ አለች» አለችው። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። የሮጥኩት እኔ፣ ያላበኝ እኔ፣ እግሬ የቆሰለው እኔ። ምስጋናውን የወሰደችው አምቦ ሰርግ ላይ የምትጨፍር ልጅ! በዚያች ሰዓት፣ ጎረቤቴ ሞት አፋፍ ላይ ተኝታ ሳለች፣ ቀናሁ። ሰው እንዲህ ነው።

ዘይነባ ስምንት ቀን ተኝታ ዳነች። ጫልቱ ከሰርጉ እንደተመለሰች ልንጠይቃት አብረን ሄድን። ዘይነባ እጇን ስባ ሳመቻትና «ለሲስተር ደውለሽላት ባይሆን ኖሮ እስካሁን አፈር ነበርኩ» አለቻት። ጫልቱ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። አየችኝ። ከዚያ ወደ ዘይነባ ተመልሳ «ዋናው በጊዜ መድረስሽ ነው፣ እትዬ ዘይነባ» አለች። ቢቻላት ኖሮ ትንሽ ክፉ ብትሆንልኝ ምን ነበረበት? የምጠላበት ምክንያት ሁሉ አሳጣችኝ።

በማግስቱ ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ያንን ጠርዝ ለምንድን ነው ያጠፍሽው?» አልኳት።

አቀረቀረች። «ለፋይል የተባለ ደብዳቤ ሰው አያነበውም ብዬ ነው» አለች። ቀጥላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ሲስተር፣ እርስዎንም ላስመዝግብዎት?» አለችኝ። ኢሜይል አልነበረኝም፤ እሱንም እሷው ከፈተችልኝ። የማስበው ጠፍቶኝ የይለፍ ቃሌን «ዘይነባ» አልኩት፤ ስለተናገርኩት ዛሬ ቀይሬዋለሁ።

ጫልቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ለትምህርት ሄደች። እኔ እዚያው ነኝ። መዝገብ ቤቱ አይቆለፍም። ደብዳቤውን መተላለፊያው ላይ አስለጥፌዋለሁ፤ ጠርዙን አላጠፍኩትም። አዲስ የሚመጡት ልጆች «ለፋይል ያለው ማን ነው?» እያሉ ይሳሳቃሉ፤ ፊርማውን ግን ከእኔ ፊርማ ጋር ያስተያየ እስካሁን የለም። ዘይነባም እውነቱን አታውቅም። እሷ አታነብም፤ ልጇ ግን ታነባለች። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ደርሶሽ ከሆነ፣ ዘይኑ፣ ማንም አልደወለልኝም። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ለሌላ ነገር መጣች። እግሯን ያማታል። እንደ ልማዷ ወደ ድሮው የጫልቱ ክፍል አየችና በሬን ገርበብ አድርጋ ወደ እኔ ገባች። ያለችኝን ሰማሁ፣ እግሯንም አየሁት። እርግጠኛ አልነበርኩም።

«ዘይኑ፣ አንድ ጊዜ አንብቤ ልምጣ» አልኳት።

ሳቀች። በእጇ ጉልበቷን መታ አድርጋ «ወይ ጉድ! ቁርጥ ጫልቱን ሆንሽ እኮ!» አለችኝ።

ከዚያ በላይ ልታሞግሰኝ አትችልም፤ አውቃለሁ። ስንት ዓመት አገልግዬ፣ በመጨረሻ የተመሰገንኩት ጫልቱን መስዬ ነው። መተላለፊያውን ይዤ ወደ መዝገብ ቤት ስሄድ አንገበገበኝ፤ ቀናሁ። ቀንቼም ቢሆን ገብቼ አነበብኩ።